ፔንሲልቬኒያ ሴጅ፦ ዘሩን፣ ትንሹን ችግኝ ወይስ በፖት ያደገውን?

ሜሪላንድ ወይ ቨርጂኒያ ግቢያችሁ ውስጥ ትልቅ ኦክ ካለ ታውቁታላችሁ፤ ከሥሩ ሳር አይበረክትም። በየዓመቱ ዘር ትበትናላችሁ፣ ጁላይ ሲደርስ መሬቱ ባዶ ነው። እዚያ ቦታ ላይ የምመክረው ፔንሲልቬኒያ ሴጅ የሚባለውን ሳር መሰል ተክል ነው። የምሥራቅ አሜሪካ ጫካ ተወላጅ ስለሆነ ደረቅ ጥላ ይስማማዋል። ቁመቱ ከ15 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ቅጠሉ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ዘንበል ይላል፣ አጋዘንም እምብዛም አይነካውም። ለቡና የምንጎዘጉዘው ቄጤማ ዘመዱ ነው።

ዘሩን አትግዙ። ርካሽ ነው፣ ግን ብዙው አይበቅልም፤ ችግኝ አፍልተው የሚሸጡትም በአብዛኛው ሥሩን እየከፈሉ ነው የሚያራቡት። እኔ አንድ ፓኬት ሙሉ ኦክቶበር ላይ ዘርቼ፣ ዊንተሩን ሙሉ ጠብቄ፣ በሜይ የቆጠርኩት አራት ብቻ ነው።

ፕላግ የሚባለው ትንሹ ችግኝ ለብዙ ሰው ይሻላል። ጉድጓዱ ጠባብ ስለሆነ የዛፉን ሥር ሳትቆርጡ በመሀል በመሀል ትተክሉታላችሁ። በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ከሆነ ለአንድ ካሬ ሜትር 11 ያህል ይበቃል፣ በ20 ከሆነ ግን 25 ይፈልጋል። ቀስ ብሎ ነው የሚስፋፋው፤ እኔ ብሩ ካለ 20 እላለሁ፣ አረም ቦታ አያገኝማ። የመጀመሪያውን ዓመት ውሃ አትንፈጉት።

በፖት ያደገው ውድ ነው፣ ግን አንዱን ከፋፍላችሁ ታበዙታላችሁ። ማርች ላይ አንዱን አውጥቼ አፈሩን በውሃ አጠብኩለት። ግርጌው ላይ ቀላ ያለ ክር የመሰለ የድሮ ቅጠል ነበረ፣ ከዚያ ሥር ወደ ጎን የሚሄዱ እንደ ሲባጎ የቀጠኑ ግንዶች። በዳቦ ቢላ አምስት ቦታ ከፈልኩት፣ እያንዳንዱ ቡቃያም ሥርም እንዲኖረው አድርጌ። አምስቱም ያዙ! ትዕግሥት ካላችሁ ሦስት ፖት ገዝታችሁ በየዓመቱ ማባዛት ትችላላችሁ።

የጣሪያው ውሃ የሚወርድበት እርጥብ ቦታ ከሆነ ግን ይሄን ተዉት፣ ፎክስ ሴጅ ግዙ። እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ያድጋል፣ ባለበት ይጠነክራል እንጂ ሥሩ አይሮጥም። የሱ ዘር ያዋጣል፤ ቅዝቃዜና እርጥበት ካገኘ በደንብ ይበቅላል፣ አፈር ሳታለብሱት ላዩ ላይ በትኑት።

ፔንሲልቬኒያ ሴጅ ስትገዙ ካሬክስ ፔንሲልቫኒካ የሚለውን ሳይንሳዊ ስሙን ፈልጉ። ሴጅ ብቻ ከተጻፈበት ሳትጠይቁ አትክፈሉ፤ ከጃፓን የመጡ ሌሎች ዓይነቶችም ሴጅ እየተባሉ ይሸጣሉ።