ደብረ ማርቆስ፦ ለወታደር ቀብር ሣጥንና ሰንደቅ የሚያቀርበው ሱቅ

ሣጥኑ ጥሩ ነው፤ ሰንደቁ ግን ያጥራል። ደብረ ማርቆስ ላይ ሣጥን፣ ሰንደቅ ዓላማ፣ የአበባ ጉንጉንና ፎቶግራፍ አንድ ላይ አሰናድቶ ወደሚያቀርበው ሱቅ የሚሄድ ቤተሰብ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ይበጀዋል። መርዶ በተነገረ ማግስት ሜትር ይዞ የሚለካ ሰው የለምና።

ሣጥኑ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 60፣ ከፍታው 40 ሳንቲ ሜትር ነው። ወለሉ ጣውላ እንጂ ችፑድ አይደለም፤ ችፑድ የክረምት እርጥበት ሲያገኘው ያብጥና ከመሐል ይጎብጣል። ከሁሉ የሚያስመሰግናቸው እጀታው ነው። ስድስቱም ጣውላውን ዘልቆ በሚያልፍ ብሎን፣ ከውስጥ በሮንዴላና በዳዶ ታስረዋል። ፍትሐቱ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን በሰባት ምዕራፍ እየቆመ ስለሚደርስ ሣጥኑ ደጋግሞ ይወርዳል፣ ደጋግሞ ይነሣል። በምስማር ብቻ የተመታ እጀታ ግማሽ መንገድ ላይ መላላት ይጀምራል። ደግሞም ክዳኑ ላይ ያለው መስቀል በሰንደቅ ሲሸፈን ራስጌና ግርጌው ስለሚምታታ፣ በራስጌው በኩል ጎኑ ላይ ትንሽ መስቀል ይለጥፋሉ። ሟቹ ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ ሆኖ ነው የሚያርፈው፤ ይህች ምልክት ጉድጓድ አፋፍ ላይ ሣጥን ከማዞር ታድናለች።

ሰንደቁ ላይ ግን አልተጠነቀቁም። የሚሰጡት 90 በ180 ሳንቲ ሜትር ነው። ሣጥኑ 200 ስለሆነ ጫፉ ገላጣ ይቀራል፤ ጎኑም ላይ ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ አይወርድም። ልኩ እንዲህ ይገኛል፦ ወርድ 60፣ በሁለቱ ጎን 40፣ 40 ሲደመርበት 140፤ ርዝመት 200፣ በራስጌና በግርጌ 40፣ 40 ሲደመርበት 280። በሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ቁጥር 654/2001 ወርዱ የርዝመቱ ግማሽ ነውና 140 በ280 ልክ ይገጥማል። ሆኖም ሣጥኑ በየምዕራፉ ሲቀመጥ ጫፉ አፈር እንዳይነካ ጥቂት ማሳጠር ያስፈልጋል፤ 130 በ260 ተብሎ ቢታዘዝ በቂ ነው።

በጣም የሚያሳዝነው ሰንደቁን በሚስማር ክዳኑ ላይ መምታታቸው ነው። ጨርቁ ይቀደዳል፤ ሲነሣም ያ ቀዳዳ ለሟቹ እናት አብሮ ይሰጣል። አራቱ ማዕዘን ላይ ከውስጥ ላስቲክ ሰፍቶ ከሣጥኑ ሥር ማሰር ነፋሱንም ይችላል። ክዳኑ በቫርኒሽ ካበራ የፖሊስተር ሰንደቅ ይንሸራተታል፣ ከፋይ የለበሰ ሣጥን ግን ይይዘዋል። ቀብሩ ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ የሰንደቁን ቀይ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሹት፤ ቀለም ከለቀቀ ዝናብ ቢጫው ላይ ያወርደዋል።

አስከሬኑ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ ሰንደቁ ታጥፎ ይምጣ። የዓባይን በረሃ ቁልቁለትና ጠመዝማዛ እስኪያልፍ ሣጥኑ በገመድ ይታሰር፣ ሰንደቁ ደጀን ሲደረስ ይልበስ።

ፎቶው ሳይታተም ማዕረጉን፣ የአባቱን ስም አንብቡ፤ መቶ አለቃው ሃምሳ አለቃ ተብሎ ከታተመ በኋላ አይታረምም። የክርስትና ስሙንም ከፎቶው ጀርባ አስጽፉ፣ ካህኑ ፍትሐት ላይ የሚጠሩት እሱን ነውና። ሱቁ ሞንታርቦ (ትልቅ የድምፅ ማጉያ) ላምጣ ቢላችሁ ግን አትቀበሉ። ጎጃም ውስጥ አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ፣ ወንዶቹ ሲፎክሩ የተቀዳ ሙዚቃ ከላይ መጣል ነውር ነው። የክብር ተኩስ የሚሰጠው የሟቹ የጦር ክፍል ነው፤ ሱቁ ቃል ቢገባም አትመኑ፣ ከክፍሉ አዛዦች ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ሱቁ ሁለት ገመድና አንድ ሠራተኛ ይልካል፤ ሰንደቅ ለማንሣት ግን አራት ሰው ያስፈልጋል። ከተሸካሚዎቹ አራቱን ቀድማችሁ አሳዩ። ሣጥኑ ወደ ጉድጓዱ ከመውረዱ በፊት በየማዕዘኑ ይዘው ወጥረው ያንሡት። ወርዱን ሁለት ጊዜ፣ ርዝመቱን ሦስት ጊዜ ሲያጥፉት 32 ሳንቲ ሜትር ተኩል አራት ማዕዘን ይሆናል፤ ቀዩ ወደ ውስጥ ከገባ አረንጓዴው ከላይ ይውላል። ነጠላዋን ላዘቀዘቀችው እናት ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጅ የሚሰጣት ሰውም አስቀድሞ ይመረጥ።