ለአዋላጇ ሲስተር ምስጋና፣ ለነፍሰ ጡር እህቶች ጥቆማ

ይህን ምስጋና የማቀርበው ገና ከአራስ ቤት ሳልወጣ ነው። ምስጋናው በጎንደር ከተማ በአንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትሌን ላደረጉልኝ አዋላጅ ነርስ ሲሆን፣ ስማቸው በአደባባይ እንዳይነሳ ስለጠየቁኝ እኔም እንደ ሌሎቹ ተገልጋዮች ሲስተር ብቻ እላቸዋለሁ።

በእርግዝናዬ ሦስተኛ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ስቀርብ የሄሞግሎቢን መጠኔ 10.2 ነበር፤ በእርግዝና መጀመሪያ ከ11 በታች ከሆነ የደም ማነስ አለ ይባላል። ቀደም ሲል የሄድኩበት አንድ የግል ክሊኒክ ዓሣ፣ አቮካዶና አጃ የተዘረዘሩበት ወረቀት ሰጥቶ አሰናብቶኝ ስለነበር፣ ጓዳዬን የማያውቅ ሌላ ዝርዝር ነበር የጠበቅሁት። ሲስተር ግን «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን በላሽ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ቁርስ ቡና ከቆሎ ጋር፣ ምሳ ሽሮ፣ እራትም ያው ሽሮ መሆኑን ስነግራቸው አንድ በአንድ በካርዴ ጀርባ ጻፉት። ከዚያም ሽሮውን ሳይነኩ ጎመን፣ ሎሚ የተጨመቀበት የቲማቲም ሰላጣ፣ በቀን አንድ እንቁላልና ከሰዓት በኋላ መክሰስ ጨመሩበት። አዮዲን ያለው ጨው ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር እንዳለበትም የሰማሁት ከእሳቸው ነው።

በሁለተኛው ቀጠሮ የአይረንና የፎሊክ አሲድ እንክብሉን እንዴት እንደምወስድ ሲጠይቁኝ ከአቦል ጋር እንደምውጠው ነገርኳቸው። ቡናም ሆነ ሻይ ሰውነት የሚወስደውን የአይረን መጠን ስለሚቀንስ እንክብሉን በሎሚ ውኃ እንድውጥ፣ ቡናውን ደግሞ ሁለት ሰዓት ያህል እንዳርቀው መከሩኝ። ቡና ፈጽሞ ቢከለክሉኝ ኖሮ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የምተወው እንክብሉን ነበር።

ከሁሉ የከበደው የአማቴ ነገር ነበር። እንቁላልና ወተት ከበዛ ልጁ ገዝፎ ምጡ ይጠናባታል ብለው ከልባቸው ይሰጉ ነበርና፣ ሲስተር በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዣቸው እንድመጣ አዘዙኝ። «እማማ፣ እርስዎ ስንት ወልደዋል?» ብለው ጀመሩ፤ ስለ ስድስቱም ምጥ በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ ደም ያነሳት እናት በወሊድ ጊዜ የሚደርስባትን አደጋ አስረዷቸው፤ በመጨረሻም እንቁላሉን የመቆጣጠሩን ኃላፊነት ለእሳቸው ሰጡ። ከማግስቱ ጀምሮ አማቴ እንቁላሉን ቀቅለውና ልጠው፣ በልቼ እስክጨርስ ከፊቴ አይነሱም ነበር።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ሲስተር «ጹሚ አትጹሚ ለማለት ሥልጣኑ የለኝም፤ የንስሐ አባትሽን ጠይቂና ያሉሽን ይዘሽልኝ ነይ» አሉኝ። የንስሐ አባቴ ከጾሙ ቢያሰናብቱኝም እንቁላልና ወተት ለመቅመስ ሕሊናዬ እሺ አላለኝም፤ ይህን ሳልደብቅ ስነግራቸው ሳይቆጡ በሰዓቱ ቁርስ እንድበላ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ የሱፍ ፍትፍትና ተልባ እየቀያየርኩ እንድመገብ አስተካከሉልኝ። ለፋሲካ ባለቤቴ ለብለብ ክትፎ ሲያስብ ግን በደንብ ካልበሰለ እንዳልቀምስ አስጠንቅቀውኛል።

በስምንተኛው ወር የሄሞግሎቢን መጠኔ 11.6 ደርሶ ነበር፤ ሁሉም በምግብ ብቻ የመጣ ነው አልልም፣ እንክብሉንም ያለማቋረጥ ወስጃለሁ። ልጄ 3.1 ኪሎ ሆና ተወልዳለች።

ክትትሉ ነፃ ነው። ሲስተር ቀጠሮ የሚያሳልፍ ሰው ላይ ቆጣ ይላሉ፤ ሰኞ ሰልፉ ረጅም ስለሆነ በሌላ ቀን መሄድ ይሻላል። የጤና ጣቢያውን ስም በውስጥ መስመር ለምትጠይቁኝ እነግራለሁ።