ሕንጻ ማንሳት ለምትፈልጉ፦ የካኖን 24 ሚሜ ቲልት-ሺፍት ሌንስ

ይሄን ሌንስ ያገለገለ ገዝቼ ስሠራበት ዓመታት አለፉ። የሚጠይቁኝ ሰዎች ስለበዙ እዚሁ ልጻፈው። ቲልት-ሺፍት ማለት ካሜራው ሳይነቃነቅ ሌንሱ ራሱ የሚያዘነብልና የሚንሸራተት ማለት ነው። ቲኤስ-ኢ 24 ሚሜ፣ ኤፍ 3.5 (ኤፍ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ስፋት ቁጥር ነው)፣ ሁለተኛው ስሪት ነው፤ ካኖን በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው።

አውቶፎከስ የለውም። ክብደቱ 780 ግራም ነው፤ ትራይፖድ ሲጨመርበት ፒያሳን በእግሩ ለሚዞር ሰው ትከሻ ይቆርጣል። ሠርግና ልደት የምታነሱ ከሆነ ብራችሁን አታባክኑ።

ለሕንጻ ግን ወደር የለውም። ፎቅ ሥር ቆማችሁ ካሜራውን ወደ ላይ ስታቀኑ ግድግዳው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል አይደል? በዚህ ሌንስ ካሜራው ቀጥ ብሎ ይቆምና፣ ቁልፏን ስታዞሩ ሌንሱ ራሱ እስከ 12 ሚሊሜትር ወደ ላይ ይንሸራተታል፤ ጣሪያው ቀስ እያለ እስክሪኑ ውስጥ ይገባል፣ ግድግዳውም ንቅንቅ አይልም። ጣይቱ ሆቴል ፊት ለፊት ቆሜ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ማንሳቱን ትቼ ቁልፏን ወደ ላይ ወደ ታች ሳዞር ነው የቆየሁት።

ብርሃኑን ግን ከማንሸራተታችሁ በፊት ለኩ፣ በኋላ የካሜራው መለኪያ ይሳሳታል። ፎከሱን ላይቭ ቪው (ካሜራው የሚያየውን በቀጥታ እስክሪን ላይ የሚያሳየው) ላይ 10 እጥፍ አጉልታችሁ በእጅ አስተካክሉ። ሌንሱን እስከ መጨረሻው ስታንሸራትቱት የፎቶው ጠርዝ ትንሽ ይጨልማል፤ ቀዳዳውን አጥብባችሁ ኤፍ 11 ላይ ስታደርጉት ይሻላል።

ይሄ ሁሉ ጊዜ ይበላል። ለአንድ ፎቶ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። እኔ ደግሞ ሌንሱን የወደድኩት በዚሁ ነው፤ ያን ያህል ቆማችሁ ስታዩት ቤቱን ትለምዱታላችሁ፣ ደረጃው የቱ ጋ በእግር እንደተበላ፣ የትኛው መስኮት እንደማይዘጋ ታውቃላችሁ።

ፒያሳ ውስጥ የእንጨት ሰገነት ያለው አንድ አሮጌ ቤት ነበር። ትራይፖዴን ተክዬ ስጠብቅ አንዲት እናት በርጩማ ይዘውልኝ ወጡ። «ቁጭ በል ልጄ፣ ፀሐዩ ሰገነቱ ላይ የሚደርሰው ዘጠኝ ሰዓት ሲል ነው» አሉኝ። አርባ ዓመት ኖረውበታል። ልክ እንዳሉትም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀሐዩ መጣ፣ እንጨቱ ሁሉ ማር መሰለ።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ያም ቤት ፈረሰ። ፎቶውን በትልቁ አሳትሜ አሁን ወዳሉበት ኮንዶሚኒየም ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ዝም ብለው አዩት። ከዚያ የሰገነቱን መደገፊያ ከዳር እየቆጠሩ ሄዱና አንዷ እንጨት ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ከሌሎቹ ትንሽ ቀጠን ትላለች። ያን ሁሉ ሰዓት ቆሜ እኔ አላየኋትም ነበር፣ ሌንሱ ግን ጥርት አድርጎ ይዟታል።

«ይቺን የተካት ባለቤቴ ነው» አሉ።

ልትሸጠው ነው ወይ ላላችሁኝ፦ አልሸጠውም።