ለጎርፍ መከላከያ ትንሽ የአፈር ግድብ፦ ውሃ ይዞ ይክረም ወይስ ባዶውን ይጠብቅ?

አንዱ ግድብ ዓመቱን ሙሉ ውሃ ይይዛል። ሌላው ከሥሩ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ቱቦ አለው፤ ጎርፍ ሲመጣ ብቻ ይሞላና ቀስ እያለ ይጎድላል።

ውሃ የሚይዘው ለከብትም ለመስኖም ይጠቅማል፤ ይህን ማንም አይክድም። ግን የሞላ ግድብ ለአዲስ ጎርፍ ቦታ የለውም። አፈሩም እንደረጠበ ስለሚኖር ስርገት (ውሃ በአፈሩ ውስጥ ሰርጎ መውጣት) ያሰጋዋል፣ በተለይ ውሃ ማውጫ ቱቦ ካለው በቱቦው ዙሪያ። ከግርጌው የሚወጣው ውሃ ጥርት ያለ ከሆነ መጠኑን እየለኩ መከታተል ነው። ከደፈረሰ ግን አፈሩ ከውስጥ እየታጠበ ነው፤ ከታች ለሚኖሩት ሰዎች ወዲያው ይነገር፣ መሐንዲስም ይጠራ።

ባዶው ትልቁ ጠላቱ መረሳት ነው። ቱቦውን ግንድና ቅርንጫፍ ይደፍነዋል፣ አፈሩን ፍልፈል ይቆፍረዋል፣ በድርቅ ይሰነጠቃል። ቢሆንም አሠራሩ የተፈተነ ነው። በአሜሪካ ኦሃዮ፣ እ.ኤ.አ. ከ1913ቱ ጎርፍ በኋላ የተሠሩት 5 የአፈር ግድቦች ያለ መዝጊያ በር ዛሬም ይሠራሉ።

ጭንቀቱ ጎርፍ ብቻ ከሆነ እኔ ባዶውን እመርጣለሁ። ትርፍ ውሃ ማስወጫ ግን ለሁለቱም የግድ ነው፤ ድርድር የለውም። ውሃ በግድቡ አናት ላይ ከፈሰሰ በሰዓታት ውስጥ ሊበላው ይችላል። ዛፍም አይተከልበት፤ ሥሩ ለውሃ መንገድ ይከፍታል። ሣር ይበቃዋል።