የእናቴ እቁብ በፓይተን፦ እስከ ፱ ድረስ አሪፍ ነበር

እናቴ የሰፈር እቁብ ጸሐፊ ናት። 12 አባል፣ በወር 5,000 ብር። ደብተሯ ከቡናውም ከዘይቱም ጠጥቶ ጠጥቶ ገጹ መገለጥ ካቆመ ቆይቷል። አንድ እሁድ "ይሄን ነገር በኮምፒውተር ልሥራልሽ" አልኳት። ሰባተኛ ክፍል የሆነችው የእህቴ ልጅ ደግሞ ኮድ መማር ትፈልጋለች፤ እንግሊዝኛው ግን ገና ይከብዳታል። ስለዚህ የቫሪያብል ስሞቹን፣ ማለትም ኮዱ ውስጥ ዋጋ የሚይዙትን ስሞች፣ በሙሉ በአማርኛ ለመጻፍ ወሰንኩ። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ በሥራ ቦታ ለዓመታት ተጠቅሜበታለሁ። በአማርኛ ሲጻፍ ግን ሌላ ዕቃ ነው የሚሆነው። የምገመግመው እሱን ነው።

መጀመሪያ ጥሩ ጥሩውን። ፓይተን ከስሪት 3.0 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ፊደላችንን በስም ውስጥ ይቀበላል። የሚጫን ነገር የለም፣ የሚነካካ ሴቲንግ የለም። "መዋጮ = 5000" ብዬ ጻፍኩ። "ጠቅላላ = መዋጮ * 12" አልኩ። 60000 አለኝ። ልጅቷ ስክሪኑን አየችና "አጎቴ፣ ይሄማ የሒሳብ ደብተር ነው" አለች። እዚህ ጋ አምስቱንም ኮከብ ልሰጠው ነበር።

ቀጥሎ ኪቦርዱ መጣ። "ኢፍ"፣ "ፎር"፣ "ዴፍ" የሚሉት የፓይተን የትእዛዝ ቃላት የግድ በላቲን ፊደል ናቸው። በየመስመሩ ኪቦርድ መቀያየር ነው። አማርኛው ላይ እንዳለሁ ሁለት ነጥብ ስመታ ደግሞ የሚወጣው የእኛው ፡ ነው። ዓይን አይለየውም፣ ፓይተን ግን ይለየዋል። ጥፋቱን ከነኮድ ቁጥሩ፣ 1361 ብሎ፣ ቁልጭ አድርጎ ይነግራል። ቢያንስ አያደናብርም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ልጅቷ ዙሮቹን በግዕዝ ቁጥር እንሰይማቸው አለች፣ እንደ ግድግዳው ካላንደር። ሙያው ያላችሁ ሳቁ፣ ዝርዝር መጠቀም እንደሚሻል አውቃለሁ። ግን የልጅ ነገር ነው፣ እሺ አልኩ። ዙር፩፣ ዙር፪፣ ዙር፫ እያልን ዙር፱ ደረስን። ሁሉም ሠራ። ዙር፲ ስንል ኤረር። ደግመን ጻፍነው። ኤረር። ልጅቷ "አሥር ምን አደረገው?" አለች።

ነገሩ የሚመጣው ከዩኒኮድ ነው፤ ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚያውቁበት የጋራ መዝገብ ማለት ነው። ፊደላችን እዚያ ውስጥ የገባው በዩኒኮድ ስሪት 3.0፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ ከ፩ እስከ ፱ ያሉት ልክ እንደ 1፣ 2፣ 3 ተራ አሃዝ ተብለው ተመዘገቡ። በኋላ ይሄ ተስተካከለ። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ 11 ለመጻፍ ፲ን እና ፩ን ጎን ለጎን ታስቀምጣለህ እንጂ ፩ን ሁለቴ አትጽፍም። ማስተካከያው ትክክል ነው። ግን ሌላ ቃል ኪዳንም አለ፦ ትናንት ስም ውስጥ መግባት የቻለ ምልክት ዛሬ አይባረርም፣ አለበለዚያ የሰው ኮድ በማሻሻያ ቀን ይበላሻል። ስለዚህ ዘጠኙ በልዩ ዝርዝር ተይዘው ቀሩ። ፲ ድሮም አሃዝ ተብሎ ስለማያውቅ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ፓይተን የዩኒኮድን ደንብ ሳያዛንፍ ስለሚከተል ከነታሪኩ ወረሰው። የሚገርመው፣ ፩ን "አሃዝ ነህ ወይ?" ብለህ ብትጠይቀው አዎ ይላል፤ ወደ 1 ቀይረው ስትለው ደግሞ እምቢ። ግማሽ ኮከብ ቀነስኩ፤ ማን ላይ እንደምቀንስ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ከሁሉም የባሰው ዕጣው ነው። ለሙከራ 12 ዙር አስወጣሁ። ባለሱቋ ጎረቤታችን ሦስት ጊዜ ደረሳት። እናቴ "እሷ ድሮም ዕድለኛ ናት" ብላ ሳቀች፤ እኔ ግን ላብ በላብ ሆንኩ። አንድ ሰዓት ፈለግኩ። ለካስ ላይ "እጣ_ደርሶታል" ብዬ፣ ታች "ዕጣ_ደርሶታል" ብያለሁ። ፓይተን ሁለቱን እንደ ሁለት የተለያዩ ስሞች ያያቸዋል። ታች ያለውን ዝም ብሎ አዲስ ፈጠረልኝ፤ ላይ ያለው እንደ ጥንቱ "አልደረሰውም" እንዳለ ቀረ። ኤረር የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ።

ተናድጄ ለጓደኛዬ ደወልኩ። ፓይተን ስሞችን እኮ አንድ ያደርጋል አልኩት፤ በሰፊው የተጻፈውን የላቲን "ኤ" ከተራው "ኤ" ጋር አንድ ነው ብሎ ይቀበላል። ታዲያ ዕ እና እ ምን በደሉ? ጓደኛዬ ትግርኛ ተናጋሪ ነው። "ለአንተ አንድ ናቸው፣ ለእኔ ግን ሁለት ድምፅ ናቸው፤ የእኔን ኮድ ልታበላሽ ነው?" አለኝ። አፌን ዘጋሁ። ለዚህ ኮከብ አልቀነስኩም።

የፓይተናችሁን ስሪት ግን ተመልከቱ። ለጉራጌኛ የተጨመሩት አዳዲስ ፊደላት ዩኒኮድ ውስጥ የገቡት በ14.0፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። ፓይተን 3.10 የሚሄደው በዩኒኮድ 13.0 ስለሆነ በስም ውስጥ አይቀበላቸውም፤ 3.11 ይቀበላል። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ያለ ሰው "ፊደሌን አያውቀውም" ቢል እውነቱን ነው።

ሌሎቹንም የፕሮግራም ቋንቋዎች ቀመስ አድርጌያለሁ። ሩስት ከ2021 ወዲህ ይቀበላል፣ ችግር አላየሁበትም። ጎ ላይ ግን ተበሳጨሁ። እዚያ አንድ ስም ከፓኬጁ፣ ማለትም ከተጻፈበት የኮድ ጥቅል፣ ውጭ እንዲታይ በትልቅ ፊደል መጀመር አለበት። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ የአማርኛ ስምህ ከፊቱ አንድ የላቲን ትልቅ ፊደል ካልለጠፍክለት ከቤት አይወጣም።

ለፓይተን ከ5 4 ሰጥቻለሁ። ግማሹ በ፲፣ ግማሹ በኪቦርዱ ሄደ። ልጅ ለምታስተምሩ በደንብ ይሆናል፤ ፊደል አጻጻፋችሁን ግን አስቀድማችሁ ተስማሙ። እኛ ስሞቹን ወረቀት ላይ ጽፈን ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጥፈናል። የመጨረሻዎቹን ዙሮች በፊደል ሰይመን "ዙር_አሥር" አልን። በማግስቱ ልጅቷ ብቻዋን ከፍታ "ዙር_አስር" ብላ ጠራችው። ኤረር።