ስድስት ኪሎና አምስት ኪሎ፦ ሁለት ሙዚየም በአንድ ከሰዓት በኋላ

አዲስ አበባ ውስጥ ግማሽ ቀን ነፃ ከሆናችሁ ከስድስት ኪሎ ጀምሩ፤ ከዚያ ወደ አምስት ኪሎ መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ በእግር አያደክምም። መታወቂያ ያዙ፤ የመጀመሪያው ሙዚየም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ስለሆነ ያለሱ ከበሩ ልትመለሱ ትችላላችሁ።

የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለው በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። በወረራው ዘመን የጣሊያን እንደራሴ በነበረው በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተጣለው የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እዚሁ ግቢ ውስጥ ነበር። ስለዚህ አደባባዩ ላይ ያለውን የሰማዕታት ሐውልት ቀድማችሁ ተመልከቱ፤ ዙሪያውን የተቀረጹት ምስሎች ከዚያ በኋላ በሕዝቡ ላይ የተፈጸመውን ጭፍጨፋ ያሳያሉ። ከሕንፃው ፊት ጣሊያኖች የሠሩት ደረጃ አለ፤ ጫፉ ላይ አሁን የይሁዳ አንበሳ ተቀምጧል። ሳያዩት የሚያልፉ ብዙ ናቸው፣ ያሳዝናል።

ውስጡ በጣም ግሩም ነው። የብሔረሰቦቹ ዕቃዎች በክልል ሳይሆን በሰው ልጅ ዕድሜ፣ ከልደት እስከ ሞት፣ ተደርድረዋል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት፣ የጥንት ሥዕሎች፣ በገናና መሰንቆም አሉ። ከጊዜያችሁ አብዛኛውን ለዚህ ስጡ።

አምስት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም የሚታወቀው በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ በተገኘችው በድንቅነሽ ነው። ለእይታ የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ ቅጂዋ ነው፤ ዋናው አጽም በጥንቃቄ ይቀመጣል። ምድር ቤቱን ቀድማችሁ ጨርሱ፤ የላይኛው ፎቅ ላይ ከቆያችሁ የመዝጊያ ሰዓት ይደርስባችኋል።