ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የቤት ፕላን ገዝቼ ያየሁት

ባለ ሦስት መኝታ ቤት ፕላን በኢንተርኔት ገዛሁ። የፊት ለፊት ሥዕሉ ዓይን ይስባል፤ እኔን ያስደሰተኝ ግን ውስጡ ነው። የወለሉ ፕላን በ1፡100 መጠን (በወረቀቱ 1 ሴንቲ ሜትር ለ1 ሜትር) ተሠርቶ ልኬቱ በየግድግዳው ላይ ስለተጻፈ፣ ግንበኛው ማስመሪያ ይዞ ወረቀት አይለካም። የደረጃው ከፍታ 17፣ መርገጫው 28 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቴም አይቸገሩበትም። ወጥ ቤቱና መታጠቢያ ቤቱ ጀርባ ለጀርባ በመሆናቸው የቧንቧው መስመር አጭር ነው። ይህን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ!

ያናደደኝ የመሠረቱ ነገር ነው። «ሙሉ ጥቅል» ተብሎ የተሸጠልኝ ፕላን የመሠረት ሥዕል አለው፤ ስለ አፈሩ ግን የጠየቀኝ የለም። የእኔ ቦታ ሸክላማ ነው፤ እንዲህ ያለ አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ለዓለት የታሰበ መሠረት እንዴት ይችለዋል? መሐንዲስ ከፍዬ እንደ አዲስ አሠራሁት።

ሳሎኑ የጠዋት ፀሐይ እንዲያገኝ ፕላኑን ግራና ቀኝ እንዲገለብጡልኝ ብጠይቅ ደግሞ ፊደሉና ቁጥሩ ሁሉ አብሮ ተገልብጦ መጣልኝ፤ በመስታወት ካልሆነ አይነበብም። ቅሬታ ሳቀርብ ያለ ክፍያ አስተካክለው ላኩ።

ለሜዳማ ቦታ ድጋሚ እገዛለሁ፤ ለተዳፋት ግን፣ መሠረቱ ቦታው ሳይታይ የተሠራ ስለሆነ፣ አላደርገውም።